በህንድ የማጭበርበር ክስ ሲመጣ፦ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገቡን እንዲዘጋ የሚጠየቅበት አሠራር

ከህንድ ዕቃ ያስመጣ ነጋዴ ክፍያ ሲያዘገይ አቅራቢው ብዙ ጊዜ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት አይሄድም፤ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚሄደው። የፍትሐ ብሔር ክርክር ዓመታት እንደሚፈጅ ያውቃል። የማጭበርበር አቤቱታ ግን ቶሎ ስልክ ያስደውላል፣ ቤተሰብ ያስደነግጣል፣ ገንዘብ ያስከፍላል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ በ2006 ኢንዲያን ኦይል ከኤንኢፒሲ ኢንዲያ ጋር በተከራከረበት መዝገብ ይህን ልማድ በግልጽ ነቅፏል፤ በወንጀል ክስ ጫና የገንዘብ ክርክርን ለመጨረስ መሞከር ሊበረታታ አይገባም ብሏል።

እንዲህ ያለ ክስ የደረሰበት ሰው መዝገቡ እንዲዘጋለት በቀጥታ ለክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። እኛ አገር የክስ መቃወሚያ የሚቀርበው ክሱን ለያዘው ችሎት ስለሆነ ብዙ ወገኖቻችን ይህ መንገድ መኖሩን አያውቁም፤ የሚያውቁትም ብዙውን ጊዜ ከታሰሩ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከተመለሱ በኋላ ነው። በህንድ ለሚነግዱ፣ ለሚማሩ፣ ለሕክምና ለሚመላለሱ ሁሉ አሠራሩን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ ጠበቃን አይተካም፤ ከጠበቃ ጋር ሲቀመጡ ግን ምን መጠየቅ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

1. በየትኛው ሕግ እንደተከሰሱ ይለዩ

ህንድ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የወንጀል ሕጎቿን ቀይራለች። ከዚያ በፊት ለተፈጸመ ድርጊት የሚጠቀሰው የ1860ው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 420 ነው፤ ሕዝቡ በሙሉ "ፎር ትዌንቲ" እያለ የሚጠራው። ከዚያ ወዲህ ለተፈጸመ ድርጊት ደግሞ ብሃራቲያ ኒያያ ሳንሂታ የተባለው አዲሱ ሕግ አንቀጽ 318 ይጠቀሳል። አታልሎ ንብረት መውሰድ በሁለቱም እስከ 7 ዓመት እስራትና መቀጮ ያስቀጣል።

የሥነ ሥርዓቱ ቁጥር ላይ ግን ይጠንቀቁ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ የመዝጋት ሥልጣን በቀድሞው ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 482 ነበር፤ አሁን አንቀጽ 528 ሆኗል። በአዲሱ ሕግ 482 ቁጥር የተሰጠው ከመያዝ በፊት ለሚጠየቅ ዋስትና ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኟቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ በአሮጌው ቁጥር የተጻፉ ስለሆኑ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ጠበቆችም ጥርጣሬን ለማስቀረት በአቤቱታው ራስጌ ላይ አዲሱንም አሮጌውንም ቁጥር አብረው ሲጽፉ ያያሉ።

የሥልጣኑ ይዘት አልተለወጠም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፍርድ ቤት ሂደት ለክፉ ዓላማ እንዳይውል ለመከላከልና ፍትሕ እንዳይጓደል ተገቢውን ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ከዚህ ጎን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 226 አለ። በአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፖሊስ ምርመራ ገና እየተካሄደ ከሆነ ኤፍአይአር (ፖሊስ የከፈተው የመጀመሪያ የወንጀል ሪፖርት) እንዲሰረዝ የሚጠየቀው በዚሁ በአንቀጽ 226 እንደሆነ የቆየ አሠራር አለ። ስለዚህ ክሱ ይህ ፍርድ ቤት በሚገኝበት በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት ከሆነ ለጠበቃዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ በየትኛው በኩል እንደሚገቡ ይሁን።

2. ኤፍአይአሩን በእጅዎ ያስገቡ፣ ያስተርጉሙ

ኤፍአይአር ፖሊስ አቤቱታ ሲቀበል የሚከፍተው የመጀመሪያው የወንጀል ሪፖርት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በሰጠው ትእዛዝ ኤፍአይአሮች፣ ጉዳያቸው ጥብቅ ምሥጢር ካልሆነ በቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በፖሊስ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለባቸው። የጣቢያውን ስም፣ የኤፍአይአሩን ቁጥርና ዓመት ካወቁ አዲስ አበባ ሆነውም ማውረድ ይቻላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከሆነ ደግሞ ኢኮርትስ በሚባለው መተግበሪያ በስምዎ ወይም ሲኤንአር በሚባለው 16 ፊደልና አኃዝ ባለው መለያ ይፈልጉት።

ሱራት የተከፈተ ኤፍአይአር በጉጃራቲ፣ ሙምባይ የተከፈተ በማራቲ ሊጻፍ ይችላል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚሠራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትርጉም የግድ ነው። ትርጉሙን በርካሽ አያሠሩ። አንድ ግስ ሲዛነፍ "ለመክፈል ቃል ገባ" የነበረው "እንደሚከፍል አሳመነ" ይሆናል፤ በዚህ ክስ ውስጥ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሙሉ ክርክሩ ነው።

3. ከመያዝ የሚጠብቅዎትን ነገር ለብቻው ይያዙ

መዝገብ ይዘጋልኝ የሚለው አቤቱታ ገብቷል ማለት ፖሊስ አይነካዎትም ማለት አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 ኒሃሪካ ኢንፍራስትራክቸር በተባለው መዝገብ ምርመራ ላይ ባለ ጉዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ያለ በቂ ምክንያት "ምንም የኃይል እርምጃ አይወሰድ" የሚል ጥቅል ትእዛዝ እንዳይሰጡ አሳስቧል። ስለዚህ ከመያዝ በፊት የሚሰጠውን ዋስትና ከከፍተኛው ፍርድ ቤት በታች ባለው ሴሽንስ ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ይጠይቁ።

ፖሊስ ቀርበው ቃል እንዲሰጡ የጽሑፍ መጥሪያ ከላከልዎት (በአዲሱ ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 35(3) የሚላከው ነው) አይሸሹት። እስከ 7 ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ማሰር የሁልጊዜ ደንብ እንዳልሆነ በ2014 የተሰጠው የአርኔሽ ኩማር ውሳኔ ለፖሊስም ለዳኞችም አስጠንቅቋል። መጥሪያውን አክብሮ የቀረበ ሰው፣ መታሰር ለምን እንዳስፈለገ ፖሊስ ምክንያቱን ጽፎ ካላስቀመጠ በቀር፣ አይያዝም። መጥሪያውን የናቀ ሰው ግን ራሱን ለእስር ያመቻቻል። ቢያዙም ኤምባሲዎ እንዲያውቀው የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ለመርማሪው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ለውጭ ዜጋ ተጨማሪ አደጋ ከአገር የመውጣት እገዳ ነው። ፖሊስ ስምዎ በኢሚግሬሽን ተጠባባቂ ዝርዝር፣ ሉክ አውት ሰርኩላር በሚሉት፣ እንዲገባ ማድረግ ይችላል። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጠበቃዎ ይህን እንዲያጣራ ያድርጉ።

4. ዋናውን ጥያቄ ይመልሱ፦ ቃል በገቡበት ቀን በልብዎ ምን ነበር?

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ፤ ጉዳዩ የሚወሰነው እዚህ ነው። በህንድ ሕግ ማጭበርበር ማለት ሰውን ከመነሻው በማታለል ንብረቱን እንዲሰጥ ማድረግ ነው። በ2000 የተሰጠው የሂሪዳያ ራንጃን ውሳኔ እስከ ዛሬ በየአቤቱታው ይጠቀሳል፦ ውል ማፍረስ ብቻውን ማጭበርበር አይሆንም፤ የማታለል ሐሳቡ ቃሉ ሲገባ የነበረ መሆን አለበት። በኋላ መክፈል አለመቻል፣ ስልክ አለማንሳት እንኳ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሐሳብ በራሱ አያረጋግጥም።

ኤፍአይአሩን በዚህ ዓይን ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ሦስት ገጽ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ጭነትና ስለ ቀሪ ሒሳብ ይተርክና መጨረሻ ላይ "ተከሳሹ ከመጀመሪያው የማታለል ሐሳብ ነበረው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨመርበታል። ያቺን ዓረፍተ ነገር አስምሩባትና ራስዎን ይጠይቁ፦ ከእሷ በላይ ያሉት ገጾች ውስጥ ይህን የሚያሳይ አንድ ድርጊት፣ አንድ የሐሰት ሰነድ፣ አንድ የውሸት መግለጫ አለ? ከሌለ ጥሩ አቤቱታ አለዎት።

ካለ ግን ራስዎን አያታልሉ። ዕቃ ሲያዙ "የውጭ ምንዛሪ ተፈቅዶልኛል" ብለው ጽፈው ባንኩ ያልፈቀደልዎት ከሆነ፣ ይህ በመነሻው የተነገረ ሐሰት ነው። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ይዘጋዋል ብለው አይጠብቁ፤ ወደ ዕርቁ ክፍል ይለፉ።

"ንግድ ነው፣ ስለዚህ ወንጀል አይደለም" የሚለው ክርክርም ብቻውን አያወጣም። በ1999 ራጄሽ ባጃጅ በተባለው መዝገብ የህንድ ልብስ ላኪ ወደ ጀርመን ለላከው ልብስ ገዢው በ15 ቀን እከፍላለሁ ብሎ ከፊሉን ብቻ ከፍሎ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩ የንግድ ነው ብሎ ኤፍአይአሩን ሰረዘ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን መልሶ አስነሳው። ብዙ ማጭበርበር የሚፈጸመው በንግድ ስም ነው አለ። ከኢትዮጵያ ሆኖ ከህንድ ላኪ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የሚቀርብ መዝገብ የለም፤ "ግማሹን ከፍያለሁ" ማለት ለብቻው መከላከያ እንዳልሆነ ያሳያል። በእርግጥ የተታለለ ሰውም በሩ እንዳይዘጋበት ይህ ውሳኔ መኖሩ ትክክል ነው እላለሁ።

ሌላ የሚጠቅም ነጥብ፦ ፖሊስ ማጭበርበርንና እምነት ማጉደልን በአንድ ድርጊት ላይ ደርቦ መጻፍ ይወዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 በዴልሂ ሬስ ክለብ መዝገብ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ፍሬ ነገር አብረው ሊቆሙ እንደማይችሉ አስረድቷል። በማጭበርበር ሐሳቡ ከመነሻው የከፋ ነው፤ በእምነት ማጉደል ንብረቱ በአግባቡ ተሰጥቶ በኋላ ነው የሚባክነው። ኤፍአይአሩ ሁለቱንም ከጻፈ ይህን ያንሱ።

5. የቀን ሰንጠረዥ ያዘጋጁ

ዳኛው ከፊቱ ብዙ መዝገብ አለ። የሚያነብልዎት አንድ ገጽ ነው፤ ያ ገጽ የቀን ሰንጠረዥ ይሁን። ለምሳሌ ከሱራት ጨርቅ የሚያስመጣ ሰው እንበል፦

ጃንዋሪ 2023፦ የመጀመሪያ ትእዛዝ፣ ሙሉ ክፍያ በባንክ ተላከ።
ጁን 2023፦ ሁለተኛ ትእዛዝ፣ ሙሉ ክፍያ ተላከ።
ፌብሩዋሪ 2024፦ ሦስተኛ ትእዛዝ፣ 40 በመቶ ቅድሚያ ተከፈለ፣ ዕቃው ተጫነ።
ኤፕሪል 2024፦ ለቀሪው ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ለባንክ ቀረበ (ማኅተም ያለበት ደብዳቤ)።
ጁን 2024፦ ስለ ጨርቁ ቀለም መልቀቅ ቅሬታ በኢሜይል፣ ከፎቶ ጋር፤ አቅራቢው "እናየዋለን" ብሎ መለሰ።
ኦክቶበር 2024፦ ኤፍአይአር ተከፈተ።

ይህ ገጽ ብዙ ይናገራል። ሁለቱ የተከፈሉ ትእዛዞች ሦስተኛው ሲታዘዝ ሐሳቡ ምን እንደነበረ ያመለክታሉ። የባንኩ ደብዳቤ ከኤፍአይአሩ በፊት የተጻፈ ስለሆነ ለክርክር የተፈበረከ ሊባል አይችልም። የአቅራቢው "እናየዋለን" የሚለው መልስ በመካከላቸው እውነተኛ የጥራት ክርክር እንደነበረ በራሱ ጽሑፍ ያረጋግጣል። ድርጊቱ ከጁላይ 2024 በፊት ስለሆነ የሚጠቀሰው አንቀጽ አሮጌው 420፣ ሥነ ሥርዓቱ ግን አዲሱ መሆኑም ከቀኖቹ ይታያል።

ከሰንጠረዡ ጋር የሚያያዙት ሰነዶች የማይካዱ ይሁኑ። በ2013 በራጂቭ ታፓር መዝገብ እንደተወሰነው ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዚህ ደረጃ የተከሳሽን ማስረጃ የሚመለከተው ጥራቱ የማያጠራጥር ሲሆን ብቻ ነው። የባንክ መግለጫ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የግል ተበዳዩ ራሱ የላከው ኢሜይል ያስኬዳሉ። የወንድምዎ ምስክርነት ወይም ከዋትስአፕ ተቆርጦ የወጣ ሁለት መስመር ግን "ለክርክሩ ጊዜ ይቆይ" ይባላል።

6. አቤቱታውን ያዋቅሩ

አመልካቹ እርስዎ ነዎት። ተጠሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ክፍለ ግዛቱ በፖሊስ ጣቢያው በኩል፣ እና የግል ተበዳዩ። የሚያመለክቱት ኤፍአይአሩ በተከፈተበት ክፍለ ግዛት ላለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ለሱራቱ ምሳሌ አሕመዳባድ የሚቀመጠው የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማለት ነው።

ክርክሩን በ1992 በታተመው የባጃን ላል ውሳኔ ላይ ይትከሉት። ውሳኔው መዝገብ ሊዘጋ የሚችልባቸውን ሰባት ዓይነት ሁኔታዎች ዘርዝሯል። ለማጭበርበር ክስ ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ የተባለው ሁሉ እውነት ነው ቢባል እንኳ ወንጀል የማይወጣው ከሆነ፤ ክሱ አእምሮ የማይቀበለው ከሆነ፤ ወይም በግል ቂም ለመበቀል የቀረበ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ከሆነ። ያው ውሳኔ ሥልጣኑ እጅግ በቁጠባ ሊሠራበት እንደሚገባም አስጠንቅቋል። ስለዚህ ሰባቱንም የሚደረድር አቤቱታ ሳይሆን አንዱን አጥብቆ የሚይዝ አቤቱታ ይጻፍልዎ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ቂምን ማስረዳት ከባድ ነው፣ ዳኛውንም ወደ ፍሬ ነገር ክርክር ይጎትተዋል።

ምንም አይደብቁ። አስቀድሞ የተከለከሉት ዋስትና፣ ያስገቡት ሌላ አቤቱታ፣ የተመለሰ ቼክ ካለ ይጻፉት። ተጠሪው አውጥቶ ሲያሳይብዎት አቤቱታው በዚያው ቀን ሊወድቅ ይችላል። ቼክ ተመልሶ ከሆነ ያ በሌላ ሕግ፣ ስለ ቼክና መሰል ሰነዶች በወጣው ሕግ አንቀጽ 138፣ ለብቻው የሚሄድ ክስ ነው፤ የማጭበርበሩ መዝገብ ቢዘጋ እንኳ እሱ አብሮ አይዘጋም።

ቃለ መሐላው ላይ መፈረም ያለብዎት ራስዎ ነዎት። ህንድ ካልሆኑ አዲስ አበባ ባለው የህንድ ኤምባሲ በቆንስላ ሹም ፊት መማል ይቻላል። ለጠበቃው የሚሰጠውን ውክልናም በዚያው ይጨርሱ። ከዋናው አቤቱታ ጋር ምርመራው ወይም የታችኛው ፍርድ ቤት ሂደት እንዲታገድ የሚጠይቅ ማመልከቻ አብሮ ይግባ።

7. ችሎት ላይ

በመጀመሪያው ቀን ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ አቤቱታው ውድቅ ይደረጋል፣ ተጠሪዎች መልስ እንዲሰጡ ይታዘዛል፣ ወይም መልስ ከማዘዝ ጋር እግድ ይሰጣል። የመንግሥት ጠበቃ የምርመራውን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርት ለማቅረብ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አይደናገጡ። እግድ ካገኙ በስድስት ወር በራሱ ይወድቃል የሚለውን ወሬ አይስሙ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2024 ያንን ደንብ ሽሮታል።

በመካከሉ ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ ቻርጅ ሺት የሚባለውን የክስ ሰነድ ለፍርድ ቤት ቢያስገባስ? አቤቱታው አይሞትም፤ በ2018 በአናንድ ኩማር ሞሃታ መዝገብ ይህ ተወስኗል። ነገር ግን ጠበቃዎ አቤቱታውን አሻሽሎ ቻርጅ ሺቱንም እንዲቃወም ያድርጉ፤ ኤፍአይአሩን ብቻ ሲቃወም የሚቀር አቤቱታ ጎዶሎ ነው።

ዳኛው "ይህ ለምስክር መስማት ደረጃ የሚቆይ ነው" ሲል ከሰሙ ጠበቃዎ ወደ ማስረጃ ክርክር ገብቷል ማለት ነው። ወደ ኤፍአይአሩ ይመለስ፤ "ክቡር ዳኛ፣ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው ብለን እንነሳ፤ ማታለሉ የትኛው መስመር ላይ ነው?" ይበል።

8. ዕርቅ

ገንዘቡ በእርግጥ ያለብዎት ከሆነ ዕርቅ ከሁሉ ፈጣኑ መውጫ ነው። ይህ ወንጀል በፍርድ ቤት ፈቃድ የሚታረቁበት ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2012 በጊያን ሲንግ ውሳኔ መሠረት የንግድና የገንዘብ ጠባይ ያላቸውን ክሶች ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ መዝጋት ይችላል። ብዙ ሕዝብ የተጭበረበረበት ወይም የባንክና የመንግሥት ገንዘብ የተነካበት ክስ ግን በሁለት ሰው ዕርቅ አይዘጋም።

ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የክፍያ ቀኖች፣ የግል ተበዳዩ መዝገቡ ቢዘጋ እንደማይቃወም የሚያረጋግጥ ቃለ መሐላ፣ የቼክና የፍትሐ ብሔር ክሶች ካሉ እነሱም እንደሚነሱ ይጻፍበት። የመጨረሻውን ክፍያ መዝገቡ በሚዘጋበት ቀን ችሎት ላይ ማስረከብ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ግን በእጅ ገንዘብ አይስጡ፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አልተከፈለም።

9. ከውሳኔው በኋላ

አቤቱታው ውድቅ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ90 ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በልዩ ፈቃድ ማመልከት ነው። ሁለተኛው የታችኛው ፍርድ ቤት ክሱን ከመስማቱ በፊት እንዲያሰናብትዎ በአዲሱ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 262 መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ያለዎት ጊዜ የክሱ ሰነዶች ከደረሱዎት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። በዚያው ምክንያት ሁለተኛ የመዝጋት አቤቱታ ማስገባት ግን ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲስ ነገር ካልተፈጠረ አይቀበሉዎትም።

ከተፈቀደልዎት የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ ቢያንስ አራት ያውጡ። አንዱን ለፖሊስ ጣቢያው፣ አንዱን ለታችኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ የተቀባይነት ማኅተም ይቀበሉበት። ሦስተኛውን ይዞ ጠበቃዎ ስምዎ ከኢሚግሬሽን ዝርዝር እንዲወጣ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ይህ በራሱ አይወጣም፣ የጠየቀው የፖሊስ ቢሮ ራሱ ሲጽፍ ነው የሚወጣው። አራተኛው ከፓስፖርትዎ ጋር ይሁን፤ ወደ ህንድ በሚቀጥለው ጉዞዎ ቪዛ ሲጠይቁም ሆነ መግቢያው ላይ ያስፈልግዎታል።